ስለ አቃቂ ወንዝ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

አዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ አቃቂ ነው ያደግኩት፣ ሥራዬም አፈርና መስኖ ነው። ስለ ውሃው፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ አትክልቱ ጠይቁ። ስለ ካርታና ስለ ካሳ ግን አልመልስም፣ እሱ የኔ ሙያ አይደለም።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ጋሼ፣ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ይምታቱብኛል። የቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ትንሹ ከወጨጫ ተራራ በኩል ነው የሚመጣው፣ ገፈርሳ ግድብ ያለበት መስመር። ትልቁ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች ካሉበት። ቀበናና ባንተ ይቀጡ የሚባሉት ወንዞችም ወደ ትልቁ ነው የሚገቡት። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽ ደግሞ ቆቃ ግድብ ገብቶ፣ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር አይደርስም። እኛ የጣልነው ሁሉ ባሕር ሳይገባ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

አዲስ ተከራይ፦ ወንዙ እንዴት ነው?

መልስ፦ ምኑ? ጥያቄህን ለይተህ ጠይቅ።

አዲስ ተከራይ፦ ይቅርታ ጋሼ። ወንዙ ዳር ቤት ተከራይቼ ነው። ክረምት ላይ ያሰጋል ወይ ለማለት ነው።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። አዎ ያሰጋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ 2,100 አካባቢ ነን። ላይ የዘነበው ጣሪያና አስፋልት ላይ ስለሚያርፍ መሬት ውስጥ አይሰርግም፣ ተጠራቅሞ ባንዴ ይወርዳል። እኛ ጋ ሲደርስ ሜዳ ያገኛል። አፈራችን ደግሞ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ነው፣ አንዴ ውሃ ከጠገበ ጠብታ አይቀበልም፣ ስለዚህ ወንዙ ወደ ጎን ይሰፋል። አቃቂ ፀሐይ ወጥቶ ወንዙ ሊሞላ የሚችለው ለዚህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የራስህን ሰማይ አትመን፣ እንጦጦን እይ። ወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች ሂድና ተመልከት፣ ቅርንጫፋቸው ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ታያለህ። ውሃው የደረሰው እዚያ ድረስ ነው። ፌስታሉ ከቤትህ መስኮት በላይ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልግ።

የቤት እመቤት፦ ወንዙ ዳር የሚመረተውን ሰላጣና ቆስጣ መብላት ይቻላል? ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሰው ይህን ስለሚጠይቀኝ ዘርዘር ላድርገው። ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለው። አንደኛው ጀርምና የወስፋት እንቁላል ነው፣ ከሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጣ። የሰላጣ ቅጠል ግንዱ ጋ እጥፋት አለው፣ ጭቃው የሚደበቀው እዚያ ነው። ሙሉውን ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ዋጋ የለውም። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገንጥለሽ፣ እጥፋቱን በጣትሽ እያሸሽ፣ በሚወርድ ውሃ እጠቢ። አቼቶ የተወሰነ ይረዳል፣ የወስፋት እንቁላል ግን አይገድልም። ለልጆች ከሆነ በጥሬው አትስጪ፣ አብስዪው።

ሁለተኛው ከቆዳ ፋብሪካና ከሌላውም የሚመጣው ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ነው። እሱ ከሥሩ ተመጥጦ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል። አይታጠብም፣ ሲቀቀልም አይጠፋም። ቅጠላ ቅጠል ከሌላው አትክልት በላይ ይይዘዋል። ስለዚህ የት እንደተመረተ ሻጯን ጠይቂ። ካሮትም ሌላ ቦታ ተመርቶ ወንዙ ውስጥ ታጥቦ ሊመጣ ይችላል፣ ሲያብረቀርቅ አትታለዪ።

የቃሊቲ ሰው፦ ጥፋቱ ታዲያ የገበሬዎቹ ነው። ለምን ያመርታሉ?

የገበሬ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እኛ ነን ወንዙን ያበላሸነው? አባቴ ሞተር ተክሎ ውሃ መሳብ ሲጀምር ውሃው እንዲህ አልነበረም። ፋብሪካውን ተናገር!

የቃሊቲ ሰው፦ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፣ የኮንዶሚኒየሙም ፍሳሽ አለ።

የድሮ አቃቂ፦ እኛ እኮ እዚያ ወንዝ ዋኝተን ነው ያደግነው።

የገበሬ ልጅ፦ የቱ ጋ? ከድልድዩ በላይ ወይስ በታች?

የድሮ አቃቂ፦ በታች። ከባቡር መስመሩ አለፍ ብሎ።

መልስ፦ የመዋኘቱን ወሬ ለሌላ ቀን አቆዩት። ገበሬውን አትውቀሱ። ወንዙ መሐል ከተማን አቋርጦ ነው እሱ ጋ የሚደርሰው፣ የላይኛው የጣለውን ታችኛው ያጠጣል። ገበሬው ማድረግ የሚችለው ግን አለ። ውሃውን ከላይ አትርጩት፣ በቦይ ልቀቁት፣ ቅጠሉን እንዳይነካ። ከመልቀም በፊት ባሉት ቀናት ማጠጣት አቁሙ፣ ፀሐዩ ብዙውን ጀርም ይገድለዋል። ክሮሚየሙንና ሌላውን ብረት ግን ይህም አይከላከለውም። እሱ መምጣቱን የሚያቆመው ፋብሪካው ፍሳሹን አጣርቶ ሲለቅ ብቻ ነው።

ተማሪ፦ አባ ሳሙኤል አሁንም መብራት ያመነጫል?

መልስ፦ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፣ 6.6 ሜጋ ዋት። ከአርባ ዓመት በላይ ቆሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ስለ ተርባይኑ መሐንዲስ ጠይቅ። እኔን የሚያሳስበኝ እምቦጩ ነው፣ ፍሳሹ ማዳበሪያ ሆኖለታል።

ተማሪ፦ ዓሣውስ?

መልስ፦ አትብላ።

የሳሪስ ነዋሪ፦ የወንዝ ዳር ልማቱን እንዴት ታየዋለህ?

መልስ፦ ዳሩ መጽዳቱ ጥሩ ነው። ውሃውን የሚያጸዳው ግን ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርግ የፍሳሽ መስመር ነው። ከዚህ በላይ ክርክር ውስጥ አልገባም።

የገላን እናት፦ ወንዙ አጠገብ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለን። ውሃው ኩልል ያለ ነው።

መልስ፦ ኩልል ማለቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከተማው የሚጠቀምባቸው የአቃቂ ጉድጓዶች ጥልቅ ናቸው፣ የእናንተ ግን ከወንዙ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ላቦራቶሪ ሳታስመረምሩ አትጠጡት፣ ለልብስና ለወለል ይሁን።

ሌላ ሰው፦ ሰላጣውን ቀቅዬ ብበላውስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብበው። መቀቀል ጀርም ይገድላል፣ ክሮሚየም አያጠፋም። ስለ ከብት ውሃ በውስጥ የጠየቃችሁኝ፣ ነገ ማታ እመለስበታለሁ። እስከዚያ የወተት ላሞቹን ከፋብሪካው ቱቦ በታች አታጠጡ።