ሳሎኑ በሙሉ ይብራ ወይስ?

ጥያቄ፦ ሳሎናችንን እያሳደስን ነው። ባለሙያው ኮርኒሱን ጂፕሰም አድርጎ በነጭ ስፖት ላይት ሊሞላው ነው። እናቴ ግን «ዓይን ይወጋል፣ ቤት እኮ ሱቅ አይደለም» ትላለች። እሱ ደግሞ «የድሮ ሰው ብርሃን ማስገባት ስለማይችል ነው ጨለማ የለመደው፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያኖችን እዩ» አለን። ማንን ልስማ?
አንባቢሽ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናትሽን ስሚ።

ስለ ቤተ ክርስቲያኖቹ የተናገረው ግን ከንክኖኛል፣ ከእሱ ልጀምር። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ወደ ታች ከአንድ ዓለት ፈልፍለው ያወጡ ሰዎች መስኮት መክፈት አቅቷቸው ነው? የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ቅርጻቸው ወጥቶ ሆን ተብሎ ድፍን ተደርገዋል። ብርሃን የሚገባው በላይኛው ረድፍ ነው። ስለዚህ አንቺ የምትቆሚበት ደብዘዝ ይላል፣ ብርሃኑ ከራስሽ በላይ ይቀራል። ቤተ ማርያም ብትገቢ ደግሞ መጀመሪያ ምንም ላይታይሽ ይችላል፤ ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ ታግሰሽ ከቆየሽ ኮርኒሱና ቅስቶቹ ላይ ያሉት ሥዕሎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ይመጡልሻል። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውንማ ዋሻ ምእመናን ያለ መብራት፣ ግድግዳ እየዳሰሱ ነው የሚያልፉት። ሲኦልን እንዲያስቡ ነው ይባላል። ወደ ብርሃን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሰው በገላው እንዲያውቀው በጨለማ አሳለፉት፤ ከዚህ የበለጠ ዲዛይን እኔ አላውቅም።

ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም እንደዚሁ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ስትሄጂ ብርሃኑ እየቀነሰ፣ መቅደሱ መሃል ላይ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ወደ ሳሎንሽ ልምጣ። ሁሉም ጥግ እኩል ሲበራ ዓይን ማረፊያ ያጣል፣ ሴራሚኩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ስፖት ከወለሉ ተመልሶ ይወጋችኋል። አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ፦ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ያ እናትሽ የጠላችው ነጭ ነው፣ ለሳሎን ሞቅ ያለ ቢጫማውን፣ 2700 ወይም 3000 ውሰጂ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዝቅ ያለ መብራት፣ ሶፋው አጠገብ አንድ የቆመ ይበቃል። ቡና የሚፈላበት ጥግ ፍሙ እንዲታይ ደብዘዝ ይበል። ኩሽናው ግን ይብራ፣ ቢላ የሚያዝበት ቦታ ነው።

መስኮታችሁ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያ ክንፍ አያግዳትም፣ ወፈር ያለ መጋረጃ አስቢበት።

ባለሙያው ስፖቶቹን ካልገጠምኩ ካለ እንኳ ቢያንስ በ2 ወይም በ3 ማብሪያ ማጥፊያ ይከፋፍላቸው። ጂፕሰሙ ከተዘጋ በኋላ ሽቦ መለየት ማፍረስን ይጠይቃል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ንገሪው።