ነዳጅ ሲሰጡት የሚያፏጭ ሬዲዮ

ጠያቂያችን በላኩት መልእክት፣ አምፕሊፋየር ካስገጠሙ ወዲህ የመኪናቸው ሬዲዮ እንደሚያፏጭ፣ ነዳጅ ሲሰጡ ፉጨቱ እየቀጠነ እንደሚሄድ፣ ጣቢያ ቢቀይሩም ሆነ ከፍላሽ ሙዚቃ ቢከፍቱ ልዩነት እንደሌለው፣ ገጣሚው ፊልተር (ጫጫታ ማጣሪያ) ቢጨምርበትም ለውጥ እንዳልመጣ ይገልጻሉ። በመጨረሻም፣ እንደ ተራ ነገር፣ መኪናው ሁለት ሌሊት ከቆመ ባትሪው ሞተር ለማስነሳት እንደሚደክም ጠቅሰዋል።

ለእኔ ዋናው ፍንጭ ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። ከፍላሽ ሲከፍቱም ፉጨቱ መኖሩ ችግሩ በአንቴና በኩል እንዳልገባ ያሳያል፤ ምንጩ ካንዴላ ቢሆን ኖሮም ድምፁ ፉጨት ሳይሆን ቶሎ ቶሎ የሚል ጠቅታ፣ ይልቁንም በኤኤም ላይ የሚሰማ በሆነ ነበር። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት በሚደክም ባትሪ ላይ ሲታከል የምጠረጥረው ባትሪውን የሚሞላውን የዲናሞውን ዳዮዶች፣ ማለትም ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ክፍሎች ነው። አምፕሊፋየሩ ቀድሞ የነበረውን ጉድለት አጉልቶ አሰማዎት እንጂ ራሱ አልፈጠረውም ባይ ነኝ።

ይህን ነገር ማብራራት ስለምወድ ትንሽ ይታገሡኝ። በዲናሞ ውስጥ ያሉት ሦስት የሽቦ ጥቅሎች የሚያመነጩት ከረንት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር) ነው፤ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ) የሚለውጡት ብዙውን ጊዜ ስድስት ዳዮዶች ናቸው። የሚወጣው ዲሲ ፍጹም ለጥ ያለ ሳይሆን ሦስቱ ጥቅሎች በየተራ የሚያቀብሉት የትንንሽ ሞገዶች ድምር ነው። ባለ 12 የማግኔት ዋልታ ዲናሞ በአንድ ዙር 36 ሞገድ ይሰጣል፤ ዲናሞው በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር ይህ በሴኮንድ 1200 ይሆናል ማለት ነው። ሞገዶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ጤነኛ ባትሪ ያስተካክላቸዋል። አንድ ዳዮድ ሲሞት ግን፣ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዱ ተራውን እንደሚዘል ሁሉ፣ በየዑደቱ ትልቅ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያው ፍጥነት በሴኮንድ 200 ጊዜ የሚደጋገም ክፍተት እስፒከር አይሰውረውም። ዲናሞው ሲፈጥን ቁጥሩ ስለሚጨምር ድምፁ ይቀጥናል። ከረንት ወደ ኋላ የሚያሳልፍ ዳዮድ ከሆነ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን ይመጠምጠዋል፤ አንዳንዴ ሌሊቱን የቆመ መኪና ዲናሞ ጠዋት በእጅ ሲነካ ለብ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በፍጹም አይንቀሉ። ዲናሞን በዚህ መንገድ የሚፈትሹ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በዚያ ቅጽበት የሚነሳው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሞተሩን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ባትሪው ላይ ይለኩ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ካላሳየ ቴስተሩ አይረባም፤ ርካሾቹ ዲሲውን እንደ ኤሲ ቆጥረው ከ20 ቮልት በላይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው፣ የፊት መብራት አብርተው፣ በ2000 ዙር ገደማ ይለኩ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ዳዮዶቹ ደኅና ናቸው፤ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ዲናሞው መፈታት አለበት።

ባትሪው ሌሊት የሚደክምበትን ምክንያት ደግሞ መኪናው ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገው በባትሪው ኔጋቲቭና ከእሱ በተፈታው ገመድ መካከል በማስገባት ይለዩ፤ ቴስተሩ እዚያ ሳለ ሞተር አያስነሡ። ንባቡ ከ0.05 አምፔር ብዙ ከበለጠ የአምፕሊፋየሩን ፊውዝ ይንቀሉ። ንባቡ ከወረደ አምፕሊፋየሩ ሲዘጋ አይጠፋም ማለት ነው። ካልወረደ ግን ኔጋቲቩን ፈትተው የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ይንቀሉ፤ ጫፉ ምንም እንዳይነካ ሸፍነው እንደገና ይለኩ። አሁን ከወረደ ጥፋተኛው ዳዮድ ነው። ይህ ሁሉ ሞተር ጠፍቶ ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ በሚሠራ ሞተር የባትሪ ገመድ አይፈታም።

ዳዮዶቹ ደኅና ከሆኑ ወደ ማሳው፣ ማለትም ከረንቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ወደሚመለስበት መስመር ይሂዱ። እንዲህ ያሉ ገጠማዎች ላይ የማገኘው የማሳ ገመድ ቀለም እንደለበሰ በወንበር ቡሎን ሥር የተጠረነቀ፣ የድምፅ ገመዱም ከፓወር ገመዱ ጋር አንድ ላይ የታሰረ ነው። ሙዚቃው ጮኽ ብሎ ሳለ በአምፕሊፋየሩ ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ዲሲ ይለኩ፤ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው፣ በአጭርና ወፍራም ገመድ አጥብቀው ይሰሩት፤ የድምፅ ገመዱንም ወደ ሌላኛው የመኪናው ጎን ያዙሩት። ያ ፊልተር ይውጣ፤ ሽቦው የአምፕሊፋየሩን ከረንት መሸከም የማይችል ርካሽ ዕቃ ከሆነ ራሱ ሌላ የሚሞቅ መገጣጠሚያ ነው።

ዲናሞው ከተፈታ አንዱን ዳዮድ ብቻ በብየዳ ከመተካት የዳዮዶቹን ስብስብ በሙሉ ይቀይሩ፤ የቀሩትም በዚያው ሙቀት የኖሩ ናቸው። ከተገጠመም በኋላ የኤሲውን ልኬት ይድገሙ፤ አዲስ ተብሎ የተሸጠ ርካሽ ስብስብ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ 0.5 ቮልት ሲያሳይ አይቻለሁና።