ዕቃው የጠፋ ሬዲዮ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችሁ ጥግ ላይ የቆመ የድሮ ሬዲዮ ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩትን ግሩንዲግ፣ ፊሊፕስና ቴሌፉንከን የሚመለከት ነው። የሁሉም ጭንቀት አንድ ነው፦ ዕቃው ከየት ይምጣ? ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዕቃ ፍለጋ የሚከብደን ስሙን ይዘን ስለምንዞር ነው። ስሙ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሥራው ግን አልጠፋም። «ይህ ዕቃ እዚህ ቦታ ምን ይሠራል?» ብለን ከጀመርን ምትኩ ብዙ ጊዜ እዚሁ መርካቶ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ የተዉት ግሩንዲግ አለን። ሠላሳ ዓመት ሳይነካ ቆሟል። ሰክቼ ልሞክረው?

መልስ፦ እባክህ አትሰካው። ብዙ ሬዲዮ የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» በተባለበት በዚያች ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ጀርባውን ክፈት፣ አቧራውን በብሩሽ አውጣ፣ አይጥ ገብቶ ሽቦ በልቶ እንደሆነ እይ። የቮልቴጅ መምረጫውንም እይ፤ 110 ላይ ተቀምጦ ያገኘሁት ሬዲዮ ጥቂት አይደለም። 240 የሚል ካለው እዚያ ላይ አድርገው፣ ከሌለው 220።

ከዚያ አንድ የ60 ሻማ አምፖል ፈልግ። ኤልኢዲ ወይም ኢኮኖሚ አምፖል አይሆንም፣ የድሮው ባለ ክር መሆን አለበት። ወደ ሬዲዮው ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቆርጠህ አምፖሉን መሀል አስገባው። ስታበራው ቦግ ብሎ ቀስ እያለ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚበራው አምፖሉ ነው እንጂ የሚቃጠለው ትራንስፎርመርህ አይደለም። ዋናው ትራንስፎርመር ከሄደ ምትክ ማግኘት በጣም ከባድ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የምለፋው።

ጥያቄ፦ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች) ላይ የተጻፈውን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሰዎቹ ሳቁብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወረቀቱን ቤት አስቀምጠውና ሦስት ነገር ብቻ ያዝ፦ ስንት ፋራድ፣ ስንት ቮልት፣ የቱ ቦታ። ሰም የተቀቡት የወረቀት ካፓሲተሮች ዛሬ ባለ 630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ይተካቸዋል። 10 ናኖፋራድ የሚለውን በ10 ናኖፋራድ፣ 22ቱን በ22። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይም ትነቅለዋለህ።

ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር ካልቻልክ ከአንዷ ጀምር። ድምፅ አጉሊው ቫልቭ (አምፖል የሚመስለው የመስታወት ዕቃ)፣ ብዙ ጊዜ ኢኤል 84 ነው፣ ሁለተኛ እግሩ ላይ የምትደርስ አንዲት ካፓሲተር አለች። ሥራዋ ድምፁን አሳልፋ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ማገድ ነው። ስታረጅ ታፈሳለች። ካፈሰሰች ቫልቩ ከልክ በላይ ይስባል፣ ይግላል፣ የስፒከሩን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። መፈተሽ ቀላል ነው። ኢኤል 84ን ንቀለው፣ ሬዲዮውን ለአጭር ጊዜ አብራው፣ ባዶው ሶኬት ሁለተኛ ቀዳዳ ላይ ቴስተር (ቁጥር የሚያነበውን የቮልት መለኪያ) አድርግ። ዜሮ መሆን አለበት። አምስት ቮልት እንኳ ካነበበ ያቺ ካፓሲተር ዛሬውኑ ትውጣ። ስትለካ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ፤ እዚያ ውስጥ ከ250 ቮልት በላይ አለ፣ ካጠፋኸውም በኋላ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይዘውት ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ ትልቁ ቆርቆሮ ካፓሲተር 50 እና 50 ይላል፣ 350 ቮልት። ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አውጥቼ ላስገባ?

መልስ፦ ቮልቱን እየው። ብዙዎቹ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ያሉት ባለ 200 ቮልት ናቸው፣ ለዚህ አይሆኑም። የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ ላይ ግን ባለ 400 እና 450 ቮልት ታገኛለህ። ሁለት ባለ 47 ማይክሮፋራድ ከገዛህ ከሁሉ ይሻላል። «ትልቅ ካገኘሁ ትልቁን ላስገባ» ግን አትበል። ሬዲዮህ ተለዋዋጩን ከረንት ቀጥተኛ በሚያደርገው በኢዜድ 80 ቫልቭ ከሆነ የሚሠራው፣ ያ ቫልቭ ከፊቱ የሚችለው 50 ማይክሮፋራድ ድረስ ነው። 220 ብታስርበት በየማብራቱ እየተጎዳ ይሄዳል።

አሮጌውን ቆርቆሮ አትጣለው። ሽቦዎቹን ነቅለህ እዚያው ተወው፣ አዲሶቹን ከሥር ደብቃቸው። ከላይ ለሚያየው ሬዲዮው እንደ ጥንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ቫልቭ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ መሞቱን አረጋግጥ። ቫልቭ ከሚባለው በላይ ዕድሜ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዙሪያው ያለው ዕቃ ነው። የመስታወቱን አናት እይ። እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ወይም ብርማ ቀለም ካለ ደኅና ነው። እንደ ወተት ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፣ አበቃ። እግሮቹንም በደንብ ጥረግ፣ ሶኬቱ ላይ ሁለት ሦስቴ ሰካ ንቀል። በዚህ ብቻ የተነሣ ሬዲዮ አለኝ።

የግድ ምትክ ካስፈለገ ምን አለሽ ተራ ሂድና «ቫልቭ» አትበል፤ «የተሰበረ የድሮ ሬዲዮ» በል። ሰፈራችሁ የሚዞረውን ቆራሌውንም ንገረው። ሳጥኑ የተሰባበረ ሬዲዮ ውስጥ አምስት ስድስት ደኅና ቫልቭ ይገኛል። ውጭ አገር ዘመድ ካለህ ደግሞ ሁለቱንም ስም ስጠው፦ ኢኤል 84 በአሜሪካኖቹ 6ቢኪው5 ነው፣ በሩሲያዎቹ 6ፒ14ፒ። ኢሲኤች 81 6ኤጄ8 ይባላል። ጣቢያው በደንብ መግባቱን የሚያሳየው አረንጓዴው ዓይን ኢኤም 80 ከሆነ የሩሲያው 6ኢ1ፒ ይተካዋል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሩሲያዊው 6ኤን2ፒ ከኢሲሲ 83 ጋር ይመሳሰላል ይሉሃል፤ የማሞቂያው እግር ስለሚለያይ ሽቦ ሳይቀየር አይገባም።

ጥያቄ፦ ሬዲዮዬ ሲበራ የበሰበሰ ነገር የሚመስል ሽታ ሸተተኝ።

መልስ፦ አጥፋውና መስኮት ክፈት። ሴሊኒየም ሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ከረንት ቀጥተኛ የሚያደርገው) ነው የተቃጠለው፣ ጭሱ መርዛማ ነው። ሻሲው (ዕቃዎቹ የተተከሉበት ብረት) ላይ የተጣበቀ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ወይም እንደ ተደረደረ ሳህን ያለ ነገር ታያለህ። በአራት 1ኤን4007 ዳዮድ ይተካል፣ የትም ሱቅ አለ። ዳዮዱ ግን ከድሮው ይልቅ ብዙ ቮልቴጅ ያሳልፋል። ስለዚህ ከኋላው ባለ 5 ወይም 10 ዋት ሬዚስተር ጨምር፣ ከ100 ኦም ጀምርና የሬዲዮው የሰርኪት ስዕል ላይ የተጻፈው ቮልቴጅ እስኪመጣ ከፍ አድርገው።

ጥያቄ፦ የስፒከሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል። ጠምጣሚ ቤት ወስጄ «ይህንን ቀጭን ሽቦ አንጠመጥምም» አሉኝ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የድሮ ከባድ አዳፕተር፣ ያቺ ስታነሣት እንደ ድንጋይ የምትከብደው፣ ከ220 ወደ 6 ቮልት የምትቀንሰው፣ ውስጧ የምትፈልገው ነገር አለ። ሒሳቡን እንየው። 220ን ለ6 ስታካፍል 37 ገደማ ይመጣል። 37ን በራሱ አባዛና በስፒከርህ 4 ኦም ደግሞ አባዛው፤ 5,400 ኦም አካባቢ ነው። ኢኤል 84 የሚፈልገው 5,200 ገደማ። ባለ 220ው ጥምጥም ወደ ቫልቩ፣ ባለ 6ቱ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል።

እንዲሁ ብታስረው ግን ድምፁ ቀጭንና የተጨናነቀ ይሆናል። ምክንያቱም ቫልቩ ሳያቋርጥ ወደ 48 ሚሊአምፔር ቀጥተኛ ከረንት ያሳልፍበታል፣ ብረቱም ይጠግባል። መድኃኒቱ ብረቱን ፈታትቶ መልሶ መደርደር ነው። አዳፕተሩ ውስጥ ሹካ የሚመስሉትና ቀጥ ያሉት ስስ ብረቶች እየተፈራረቁ ነው የተደረደሩት። ሹካዎቹን በሙሉ በአንድ ወገን፣ ቀጥ ያሉትን በሙሉ በሌላው ወገን አድርግ፣ መሀላቸው ስስ ወረቀት አስገባና አጥብቀህ እሰር። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብረቶች በካቻቢቴ ካልተፈነቀሉ አይወጡም፣ ቫርኒሹ አጣብቋቸዋል። እኔ በዚህ መንገድ የሠራሁት ፊሊፕስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ዜና ያሰማኛል። ባሱ ከድሮው ትንሽ ያንሳል፣ ንግግሩ ግን ጥርት ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ኤፍኤሙ ይሠራል፣ ግን ሸገር አይገባም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ምንም አልጎደለውም። በዚያ ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ የጀርመን ሬዲዮዎች ኤፍኤማቸው 100 ላይ ያበቃል። 97.1 እና 98.1 ይገባሉ፣ የሸገር 102.1 ከመስመሩ ውጭ ነው። ኢሲሲ 85 የሚባለው ቫልቭ ያለበት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ማስተካከያ አለ፤ በጥቂቱ ስታዞረው ሁሉም ጣቢያ ወደ ታች ይንሸራተትና 102 ይገባል። የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ሳታደርግ አትንካው። ካቻቢቴውም ብረት አይሁን፣ ብረት ራሱ ድምፁን ያዛባዋል፤ የቀርከሃ ስንጥር ጫፉን ጠፍጠፍ አድርገህ ቅረጽ። ከዚህ በኋላ መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል አይሆንም። እኔ በግሌ ለሸገር ሌላ ሬዲዮ እከፍታለሁ እንጂ ይህን አልነካም፣ ምርጫው ግን የባለቤቱ ነው።

ጥያቄ፦ የጣቢያ መፈለጊያው መርፌ ክር ተበጠሰ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስገባሁ፣ ይንሸራተታል።

መልስ፦ ናይለኑ ይለጠጣል፣ ደግሞም ልስልስ ነው። ጫማ ሰፊዎች ጋ ሂድ፣ የተገመደውን ጠንካራ ክር ሁለት ሜትር ለምናቸው። ከመፍታትህ በፊት ያለውን አዟዟር ፎቶ አንሣ። የላላ ጎማ ካለም ከሳይክል ከመነዳሪ ቆርጠህ ታስገባለህ።

ጥያቄ፦ የፊቱ ጨርቅ ተቀዷል። የእናቴ ሬዲዮ ስለሆነ አምሮ እንዲታይ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ጨርቅ አገራችን አለ። በእጅ የተሸመነ ስስ ነጠላ። አፍሽ ላይ አድርገሽ ተንፍሺበት፤ ትንፋሹ ሳይታገል ካለፈ ድምፁም ያልፋል። ንጣቱ ከሳጥኑ ጋር ካልሄደ ወፍራም ሻይ አፍልተሽ ንከሪው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የድሮ መልክ ይይዛል። ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪው፣ ድሩን ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር አስተካክለሽ ወጥሪው፣ ከዚያ በኮላ ለጥፊው። ስፒከሩ ራሱ ከተቀደደ ስስ ሶፍት በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ለጥፊበት። መስታወቱን ግን በውኃ እንዳታጥቢው። የከተሞቹ ስም የተጻፈው ከጀርባው ነው፤ አንዴ ከተነካ ሮማም ሉክሰምበርግም ታጥበው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከዋሽንግተን አሮጌ የአሜሪካ ሬዲዮ ይዞልኝ መጣ። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ገዛሁለት። ብረቱን ስነካው ነዘረኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአሁን በኋላ አትንካው። እነዚያ ሬዲዮዎች አብዛኞቹ ውስጣቸው ትራንስፎርመር የላቸውም። አምስቱ ቫልቮች ማሞቂያቸው እንደ ዶቃ ተያይዞ በቀጥታ ከመብራቱ ነው የሚነሣው፦ 12፣ 12፣ 12፣ 35 እና 50፣ ድምሩ 121 ቮልት። ስለዚህ ብረቱ ራሱ መብራት ሊይዝ ይችላል። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ መቀነሻዎች ቮልቴጅ ይቀንሳሉ እንጂ ከመስመሩ አይለዩህም። ሁለቱ ጥምጥሞቹ የማይነካኩ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። እዚህ ላይ ብልሃት የለም። ፊውዝም ላይ እንዲሁ፤ በሲጋራ ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ ስንቱን ቤት አደጋ ላይ ጥሏል። የጎማው ሽቦ ከተሰነጣጠቀም ሙሉውን ቀይረው፣ ቴፕ አትጠቅልልበት።

ጥያቄ፦ የድንጋይ ፊሊፕስ ትራንዚስተር ነው። መታ ሳደርገው ይሠራል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል።

መልስ፦ ውስጡ ኤኤፍ 117 የሚል፣ አራት እግር ያለው ትራንዚስተር ካለ እሱ ነው። ከቆርቆሮው ቤት ከውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት ይበቅልና ሾርት ያደርገዋል። አራተኛው እግር የቤቱ ነው። እሱን ብቻ ቁረጠው፣ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነሣል። አዲስ አትፈልግ፣ ሳይሠራ የተቀመጠውም ይበቅልበታል።

ጥያቄ፦ አባቴ ገጠር ሲያስተምሩ ብሥራተ ወንጌልን የሚሰሙበት ሬዲዮ ነው። ቫልቭ ነው፣ ግን በባትሪ። 90 ቮልት ይላል። ይህ ባትሪ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ብሥራተ ወንጌል ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ነበር የሚያሰራጨው፤ ሬዲዮው ከዚያ ዘመን ከሆነ ቫልቮቹ ዲኬ 96፣ ዲኤፍ 96፣ ዲኤኤፍ 96 እና ዲኤል 96 ሊሆኑ ይችላሉ። አይተህ ንገረኝ። 90ው ቮልት ከባድ አይደለም። አሥር ባለ 9 ቮልት ድንጋይ እርስ በርስ ሰካካቸው፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይገጥማል፣ ካርቶን ውስጥ አሽጋቸው። ለማሞቂያው አንድ ትልቁ ባለ 1.5 ድንጋይ ይበቃል።

የሚያስፈራኝ መቀላቀሉ ነው። የ90ው ሽቦ ማሞቂያውን ለቅጽበት ከነካ አራቱም ቫልቭ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ 90ውን አትግዛ። የ1.5ቱን ብቻ አገናኝ፣ መሀል ላይ ቴስተር አስገባ። የነገርኩህ አራት ቫልቮች ደኅና ከሆኑ 125 ሚሊአምፔር አካባቢ ያነባል። 75 ካነበበ ምናልባት ዲኤል 96 ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ አልያዘም። 100 ካለ ምናልባት ከሦስቱ አንዱ። ያነበብከውን ቁጥርና የሻሲውን ሥር ፎቶ ላክልኝ፣ ወደ 90ው አብረን እንሄዳለን።