መውጫው በየት ነው? የሥራ መሣሪያ ለተቀያየረባቸው ጥያቄና መልስ

ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበት ሥራ ለመሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር መምረጥ፣ መትከል፣ ጊዜው ሲያልፍም ነቅሎ በሌላ መተካት ነው። ከመትከሉ ይልቅ መንቀሉ ብዙ አስተምሮኛል። ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ስጋት አላቸው፤ የለመድነው መሣሪያ ሲሄድ በውስጡ ያስቀመጥነው ሥራ ምን ይሆናል የሚል።

ጥያቄ፦ በአንድ የውጭ ግብረ ሰናይ ድርጅት የጎንደር ቅርንጫፍ የግዥ ባለሙያ ነኝ። የግዥ መጠየቂያና የመኪና ስምሪት ቅጾቻችን በኢንፎፓዝ (በማይክሮሶፍት የቅጽ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠሩ ናቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁሉንም ወደ አዲስ መሣሪያ አዛውሩ ብሎናል። ከየት እንጀምር?

ከቆጠራ ይጀምሩ። ያሏችሁን ቅጾች በሙሉ ይዘርዝሩና በእያንዳንዱ ትይዩ መጨረሻ የተሞላበትን ቀንና የሞላውን ሰው ይጻፉ። ከዓመት በላይ ማንም ያልነካውን ቅጽ እንደገና ለመሥራት አይድከሙ፤ መረጃውን ማስቀመጥ ይበቃል።

ኢንፎፓዝ ከኦፊስ 2003 ጋር የመጣ፣ የመጨረሻ እትሙም የ2013ቱ የሆነ መሣሪያ ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን ብሎ የቆረጠው ሐምሌ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ የሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የቢሮ ፋይልና ቅጽ ማከማቻ) 2016 እና 2019 እትሞች ድጋፍም የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። ይህ ዓይነቱ ስንብት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የቢሮ ኢሜይልና የመረጃ መያዣ ፕሮግራም፣ ሎተስ ኖትስን፣ አይቢኤም በ1995 ከነኩባንያው ገዛው፣ በ2019 ደግሞ ኤችሲኤል ለተባለ የህንድ ኩባንያ አስተላለፈው። ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ሙሉ ሥራቸውን በውስጡ ያኖሩ ቢሮዎች እንደገና ያስቡ ነበር።

ከእነዚያ ቢሮዎች አንዱን ያዛወርኩት እኔ ነበርኩ። በግዥ ቅጹ ግርጌ «ማስታወሻ» የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረች። በአዲሱ ቅጽ አያስፈልግም ብለን ልናስቀራት ስንል የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እጄን ይዞ አስቆመኝ። አንድ ዕቃ ለምን ከዚህ ነጋዴ እንደማይገዛ፣ የትኛው የመኪና ጎማ በእኛ መንገድ እንደማይበረክት፣ ሁሉንም ለዓመታት የጻፈው እዚያች ሳጥን ውስጥ ነበር። ከቅጹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያላት እሷ ሆና ተገኘች። ስለዚህ እርስዎም ቅጹን ከሠራው ሰው በፊት በየቀኑ የሚሞላውን ያነጋግሩ።

መረጃውን ከድሮው ቅጽ ስለ ማውጣቱ፦ በኢንፎፓዝ የተሞላ ቅጽ የሚቀመጠው መረጃን በጽሑፍ በሚይዝ ኤክስኤምኤል በሚባል ፋይል ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ባይኖርም ጽሑፉ ይነበባል። የተያያዙት ደረሰኞች ግን በፋይሉ ውስጥ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ሆነው ስለሚቀመጡ በዓይን አይታዩም። ባለሙያ ሳትጠሩ ፋይሎቹን ብቻ ገልብጣችሁ «ተረክበናል» ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ደረሰኞቹ ወጥተው፣ እያንዳንዱ ቅጽ በፒዲኤፍ ተቀምጦ፣ ኦዲተር ቢጠይቅ በቁጥሩ መገኘቱን አረጋግጣችሁ ፈርሙ።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የሆንን ሦስት ጓደኛሞች ለፋርማሲዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ኮዱን ዚፕ አድርገን በፍላሽና በቴሌግራም እንለዋወጣለን። ኢንተርኔት ስለሚቋረጥብን ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ለእኛ አይሆንም ብለን ትተነዋል። ተሳስተናል?

አዎ፣ ተሳስታችኋል፤ ደስ የሚለው ስህተቱ ዛሬውኑ መታረም ይችላል። ጊትን ከጊትሀብ ጋር አንድ አድርጋችሁታል። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ፣ በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው፣ በጊት የተመዘገበ ኮድ የሚቀመጥበት የድረ ገጽ አገልግሎት ነው። ጊት ግን በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የጻፈው የሊኑክስ ሠሪዎች በነጻ ይገለገሉበት የነበረው መሣሪያ ሲከለከልባቸው ነው፤ ሲነድፈውም እያንዳንዱ ሰው የሥራውን ሙሉ ታሪክ በእጁ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ከዚያ በፊት እንገለገልበት በነበረው ሰብቨርዥን በተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ ለውጥ ለመመዝገብ ሰርቨሩን ማግኘት ግድ ነበር። ፒያሳ አካባቢ በነበረ ቢሮ መስመር ሲቋረጥ የለወጥነውን በደብተር እየጻፍን ሰርቨሩ እስኪመለስ የጠበቅንባቸው የከሰዓት በኋላ ሰዓቶች አይረሱኝም። እናንተ ያንን ሁሉ መዝለል ትችላላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። ፍላሹ ላይ «ቤር» የሚባለውን ዓይነት ባዶ የጊት ማኅደር ፍጠሩ። እያንዳንዳችሁ ሥራችሁን ወደ እሱ ግፉ (ፑሽ)፣ የሌላውንም ከእሱ ሳቡ (ፑል)። መገናኘት በማትችሉበት ሳምንት «ጊት ባንድል» የሚለው ትዕዛዝ ታሪኩን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፤ መስመር ሲመጣ በቴሌግራም ላኩት። ፍላሹ ቢሰበርም ሦስታችሁም ዘንድ ሙሉው ታሪክ አለ።

ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ። የፋርማሲዎቹን የይለፍ ቃል በኮድ ውስጥ አታስገቡ፤ አንዴ ከተመዘገበ ፋይሉን ብትሰርዙትም በታሪኩ ውስጥ ይኖራል። አምልጧችሁ ከገባ የይለፍ ቃሉን ራሱን ለውጡት። ሁለተኛው፣ ለውጥ ስትመዘግቡ ምክንያቱን ጻፉ። «ተስተካከለ» የሚል መልእክት ከስድስት ወር በኋላ ለጻፈው ሰው እንኳ አይጠቅምም። «የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ጳጉሜን 6 ሲሆን ፕሮግራሙ ይቆም ነበር» የሚል ግን ከዓመታት በኋላም ይናገራል። ምሳሌውን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ ጳጉሜን 6 በ2015 ዓ.ም. መጥታ ነበር፣ በ2019 ዓ.ም. ትመለሳለች። ፕሮግራማችሁን በዚያ ቀን ፈትኑት።

ጥያቄ፦ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ውሳኔዎቻችን የሚተላለፉት በቴሌግራም ነው። የሬጅስትራር ሠራተኛችን ሥራ ሲለቅ ከእኔ ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ ጠፋ። ማስመለስ ይቻላል?

የጠፋውን መልእክት ማስመለስ አይቻልም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴሌግራም በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ጽሑፍን አንደኛው ከሁለቱም ዘንድ እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። ለግል ሕይወት ተገቢ መብት ነው፤ ለመዝገብ ግን አይሆንም። ተስፋ ያለው አንድ ቦታ ነው፦ ቀድሞ ያወረዷቸው ፋይሎች በቢሮው ኮምፒውተር የማውረጃ ፎልደር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉና ማንም ሳያጸዳው ዛሬ ይመልከቱ።

ለወደፊቱ መነጋገሩን በቴሌግራም ይቀጥሉ፤ ውሳኔው ግን የትምህርት ቤቱ በሆነ ቦታ ቀን፣ ቁጥርና ፊርማ ይኑረው። የቢሮ መልእክት መለዋወጫዎቹ ስላክ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቲምስ በ2017 ሲመጡ ብዙ ቢሮዎች ወሬና ውሳኔን በአንድ መስኮት ቀላቀሉ፤ ከዚያም «ማን ነበር የወሰነው?» እያሉ መልእክት ሲያገላብጡ ዋሉ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ በቁጥር የሚይዘው የድሮው መዝገብ ቤት በዚህ ረገድ ይበልጣል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። የተማሪዎች ስምና ውጤትም በሠራተኛ የግል ስልክ መዞር የለበትም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ሆኜ ለአንድ የጀርመን ድርጅት እሠራለሁ። የሰኞ ስብሰባችን ሁልጊዜ ቀን 6 ሰዓት ነበር። በመጋቢት አንድ ሰኞ ስገባ አልቆ ጠበቀኝ። ማንም ሰዓቱን አልለወጠም ይላሉ።

እውነታቸውን ነው፤ የተለወጠው የአገራቸው ሰዓት ነው። አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ያደርጋል፣ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ይመልሳል። እኛ አንለውጥም። የእነሱ ጠዋት 10 ሰዓት በክረምታቸው ለእኛ ቀን 6 ሰዓት፣ በበጋቸው ቀን 5 ሰዓት ነው። ግብዣውን በጀርመን ሰዓት ራሳቸው እንዲልኩ ያድርጉና የእርስዎን ኮምፒውተር የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ላይ ይተዉት፤ ቀሪውን ቀን መቁጠሪያው ያሰላል። የአሜሪካ ደንበኛ ካለዎት የእነሱ መቀየሪያ ቀን ከአውሮፓ የተለየ ነው።

ጥያቄ፦ ለስብሰባና ለፋይል ማስቀመጫ በዶላር የምንከፍለው ወርሃዊ ክፍያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ በእጥፍ ከበደን። የቱን እናቋርጥ?

መጀመሪያ ሥራ የለቀቁ ሰዎች አካውንት ካለ ዝጉ፤ ለእንዲህ ያለ አካውንት ሳይከፍል የቆየ ቢሮ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀጥሎ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎችን ፈልጋችሁ አንዱን ተዉ። ኢሜይልና መጠባበቂያ ቅጂ ላይ ግን አትቆጥቡ። ከማቋረጣችሁ በፊትም ፋይሎቻችሁን አውርዱ፤ ክፍያው ከቆመ በኋላ የሚቆዩት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የአባላቱን መዝገብና ቃለ ጉባኤውን በኮምፒውተር ስጽፍ ኖሬያለሁ። በልጄ ላፕቶፕ ስከፍተው አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነ። ልፋቴ ጠፋ ማለት ነው?

አልጠፋም፣ አባቴ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣ የአማርኛ ፎንት ያየነው ደግሞ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ ሲመጣ ነው። ከዚያ በፊት ፊደላችን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ተደርቦ ነበር የሚጻፈው። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ምልክት ይታያል፤ የጻፉት ግን እንዳለ አለ።

አንድ ነገር አያድርጉ፦ ፋይሉን «ግልጽ ጽሑፍ» በሚለው ዓይነት አያስቀምጡት። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው ፊደሎቻችን በሁለት ፎንት የተከፈሉበት ጊዜ ነበር። በግልጽ ጽሑፍ ሲቀመጥ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው ምልክት ይጠፋል፤ ያኔ በእርግጥ ልፋት ይባክናል። የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ከቀየርን በኋላ ግን «ኳ»፣ «ቧ» የመሳሰሉትንና የአባላቱን ስሞች በዓይን ማየት አለብን።

ከዚያ ዘመን መዝገብ በወረቀት የታተመ አንድ ገጽ እንኳ ካለዎት እንዳይጥሉት። ፋይሉንና ወረቀቱን ቅዳሜ ከሰዓት ይዘውልኝ ይምጡ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ስም በስም አብረን እናስተያያለን።