መልስ፦ በቁፋሮው ዕለት 6 ሜትር፣ በማግስቱ 3 ሜትር፤ የትኛውን የውሃ ልክ ልያዝ?

ለቤዝመንቱ ባስቆፈሩት የአፈር መመርመሪያ ጉድጓድ ውሃው ከመሬት ገጽ በታች በቁፋሮው ዕለት 6 ሜትር፣ በማግስቱ 3 ሜትር ላይ እንደተገኘ ጽፈዋል። የማግስቱን 3 ሜትር ይያዙ፤ እሱም የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። እንዳሉት አፈሩ ሸክላ ከሆነ ውሃ የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ እስኪረጋ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። 6 ሜትሩ ውሃው መጀመሪያ የታየበት ጥልቀት ብቻ ነው። ቁፋሮው በውሃ የተሠራ ከሆነ ግን 3 ሜትሩም አያስተማምንም፤ የገባው ውሃ ወጥቶ እንደገና ይለካ።

ጉድጓዱን ሳይደፍኑ፦

1. 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ያስገቡ። የታችኛውን 1 ሜትር አስቀድመው በመጋዝ ጠባብ ስንጥቅ ያውጡለትና በማጣሪያ ጨርቅ ይጠቅልሉት።
2. በስንጥቁ ዙሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ቢያንስ 1 ሜትር ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው አብጦ ክፍተት የሚደፍን የሸክላ ዓይነት) ይሙሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ቤንቶናይት ነው፤ ከሌለ የዝናብ ውሃ በቧንቧው ዳር ሰርጎ ንባቡን ያሳስታል።
3. ልኩ መለዋወጡን እስኪያቆም በየቀኑ፣ ከዚያ በየወሩ ይለኩ። የዝናቡ ወራት አይለፍዎት፤ ዲዛይኑ የሚሠራው በከፍተኛው፣ ማለትም ለመሬት ገጽ በቀረበው የውሃ ልክ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የቤዝመንቱ ወለል ታች ከመሬት ገጽ 4.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ውሃው እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ድረስ ቢወጣ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2.5 ቶን ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ባዶው ቤዝመንት ሊነሳ ወይም ወለሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። አርማታው ስለደረቀ ብቻ በግንባታው ወቅት የከርሰ ምድር ውሃውን የሚያወጣው ፓምፕ አይጥፋ፤ የሕንፃው ክብደት ግፊቱን በበቂ ትርፍ መብለጡን መሐንዲሱ አስልቶ ሲፈቅድ ብቻ ይቁም።