ልጆችን አንበሳ ግቢ ስለ መውሰድ፦ ከአንድ የጎንደር መምህር

እህቴ፣ «በክረምት ልጆቼን አዲስ አበባ ልወስዳቸው ነው፤ አንበሳ ግቢ ገብተው አንበሳ ቢያዩ ለዱር እንስሳት ማሰብ ይጀምራሉ ወይስ ትርፉ ፎቶግራፍ ብቻ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። እዚሁ ጎንደር ባዮሎጂ ሳስተምር የትምህርት ቤታችንን የዱር እንስሳት ክበብ ለዓመታት መርቻለሁና ልጅና እንስሳ ሲገናኙ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ይውሰዷቸው። አንበሳው ብቻውን ያስተምራቸዋል ብለው ግን አይጠብቁ።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን እንስሳት በጠባብ አጥር ውስጥ ወደሚታዩበት ስፍራ ወሰድኳቸው፤ ስሙ ይቆይ። ጅቡ ጥግ ይዞ ተኝቷል። የሚያስረዳ ሰው የለም። ልጆቹ አምስት ደቂቃ ያህል ቆመው ጠበቁት፤ አልነቃም። ከዚያ አንዱ ጠጠር ወረወረ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ስንመለስ ያዩትን ጻፉ ብላቸው አብዛኛው ወረቀት ላይ «ጅብ ሰነፍ ነው» የሚል አገኘሁ። ሌሊት ሌሊት የከተማችንን ጥንብ የሚያነሣውን ጅብ! ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ የሌሊት እንስሳ መሆኑን ሳልነግራቸው በጠራራ ፀሐይ ነው የወሰድኳቸው።

በለንደን የእንስሳት ማቆያ ተማሪዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ሳነብ ያ ቀን ትዝ አለኝ። አስረዳጅ ይዘው ከገቡት ልጆች 41 በመቶው ስለ እንስሳቱ ያላቸው ዕውቀት ሲሻሻል፣ ያለ አስረዳጅ ከገቡት የተሻሻለው 34 በመቶው ብቻ ነው። ከአስረዳጅ ጋርም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሻሻል አላሳዩም ማለት ነው። «እንስሳ ያየ ሁሉ ተቆርቋሪ ይሆናል» የሚለውን ወሬ ከዚያ ወዲህ በቀላሉ አልቀበልም።

ደቦል አቅፎ ፎቶግራፍ መነሣትን ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ቺምፓንዚ ከሰው አጠገብ ቆሞ በፎቶግራፍ ያዩ ሰዎች፣ ብቻውን ሆኖ ካዩት ይልቅ፣ እንስሳው የመጥፋት አደጋ ላይ ያለ የማይመስላቸው ይበዛሉ። የእኛ አገር የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል ወደ ዓረብ አገሮች በድብቅ የሚሸጡት ሰው ቤቱ ሊያቅፋቸው ስለሚፈልግ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ንግድ የተያዙ አቦሸማኔዎችና አንበሶች ሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ይኖራሉ። ይህንን ለልጆች መንገር ከማቀፉ ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የሰሜን ተራሮች ጉዟችን ነው። የከተማ ልጆቻችን ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር እየነጨ ሲበላ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ በደስታ ሰከሩ። ከደባርቅ ገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት እየኖረ የሚማር አንድ ልጅ ብቻ ዝም አለ። ምን ሆንክ ብለው «እናንተ ገብስ የላችሁም» አለኝ። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያጮኸ ያደገው የአባቱን ገብስ ከጭላዳ ሲጠብቅ ነው። አጎቱ ግን ለቱሪስት በቅሎ ያከራያልና ጭላዳ ላይ ድንጋይ አያነሣም። የአንድ እናት ልጆች፣ አንዱ ይጠላል፣ አንዱ ይጠብቃል። ያን ዕለት ማስታወሻዬን አጥፌ ልጁ እንዲያስረዳ ለቀቅሁለት፤ እኔ ካስተማርኳቸው ይልቅ እሱን ሰሙት።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ማታ ትንሽ ያጫውቷቸው። አንበሳ ግቢን ያቋቋሙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 መሆኑን፣ የእነዚያ አንበሶች ጥቁር ጎፈር እስከ ሆድ እንደሚወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናትም ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው እንዳገኛቸው ይንገሯቸው። አንበሳ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተጋድሞ እንደሚውል ካላወቁ የእኔ ተማሪዎች የጻፉትን ይጽፋሉ። ፋሲል ግቢ ያለውን ባዶ የአንበሳ ቤትም አስቀድመው ያሳዩአቸው፤ ቅርብ ነው። ያኔ «አሁን እኛ ጋ አንበሳ የለም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አለ! በመይሳው አገር በቋራ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ባለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 በካሜራ ተረጋግጧል። የእኔ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አሉ፤ አንዷ ብቻ «ከብት ይበላሉ?» አለች። ደህና ጥያቄ ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ደባርቅ ያውጧቸው። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነውና ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ወደ ሜዳው ሲወጣ ያገኙታል። አብሯችሁ የሚሄደውን ስካውት፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ ስለ ገብሱ ይጠይቁት፤ ልጆቹ ለጭላዳ ሊሰጡ ሙዝ ካወጡ ግን ቶሎ ይቀበሏቸው።