ጭላዳ ቆጠራን ጨዋታ ልታደርጉ ላሰባችሁ የደብረ ብርሃን ልጆች

ልጆቼ፣ ከመንዝ ጓሳ የሚመጡ የጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶዎችን ሰው በስልኩ እያየ የሚቆጥርበት ጨዋታ ልትሠሩ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስለ ነጥብና ስለ ሜዳሊያ ብዙ ማውራታችሁ ግን አሳስቦኛል።

ሰው መሳብስ ያን ያህል አይከብድም። ጋላክሲ ዙ የተባለው የኢንተርኔት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2007 የጋላክሲዎችን (የግዙፍ የከዋክብት ስብስቦችን) ቅርፅ ከፎቶ ለዩልን ብሎ ሲጣራ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች 50 ሚሊዮን ያህል ፍርድ ሰጡት። ከባዱ ማቆየቱ ነው። አብዛኛው ሰው ጥቂት ሞክሮ ይሄዳል፤ የሥራውን ብዛት የሚሸከሙት ጥቂቶች ናቸው። በሄደው አትዘኑ፣ የቀረውን እወቁት።

ደረጃ መስጠት ሁለት ስለት አለው። የድሮ መርከቦችን የአየር ጠባይ መዝገብ ያስገለብጥ የነበረው ኦልድ ዌዘር ብዙ የገለበጠውን ካፒቴን ብሎ ይሾም ነበር። ሹመቱ አንዱን ሲያተጋ ሌላውን «እኔማ አልደርስበትም» አሰኝቶ አሸሸው። የፕሮቲንን ቅርፅ እንደ እንቆቅልሽ የሚያስፈታው የኮምፒውተር ጨዋታ የፎልዲት ተጫዋቾች ግን ሳይንቲስቶች ከአሥር ዓመት በላይ የታገሉበትን የአንድ የጦጣ ቫይረስ ኢንዛይም ቅርፅ በ3 ሳምንት ውስጥ ለመፍታት ሲበቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጥናት ላይ የቡድኖቻቸው ስም ከጸሐፊዎቹ ተርታ ሰፈረ። ይህን ሜዳሊያ አይተካውም።

ጀማሪውን የሚያባርረው ሌላው ነገር «ብሳሳት ሥራቸውን አበላሻለሁ» የሚል ፍርሃት ነው። አንድን ፎቶ ብዙ ሰው እንደሚያየውና መልሶቹ እንደሚነጻጸሩ ገና ከመነሻው ንገሩት። ፎቶው ይቅለል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሥራ። ለእናንተ ብሎ ዳታ የሚገዛ ሰው ብዙ አታገኙም።

ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ ብቻ አይቀርም፤ በተራው የሌላውን ማሳ ያጭዳል። የእናንተ ተራ ውጤቱን መመለስ ነው፤ ለተጫዋቹም፣ ለመንዝ ሰውም። በቀድሞው የቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም የጓሳን ሣር አጠቃቀም በጋራ በሚወስነው ባህላዊ ደንብ፣ ጓሳን ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ እኮ ነው! ጭላዳ ገብሱን የበላበት ገበሬ ደግሞ ቁጥሩን ለመስማት ከማንም በላይ ይጓጓል (ደስ ብሎት ባይሆንም)።

ስለዚህ ጨዋታውን ከመልቀቃችሁ በፊት ውጤቱን ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚነግር ወስኑ። በየወሩ በቴሌግራም አጭር መልእክት ብትልኩ ይበቃል፤ ስንት ፎቶ ታየ፣ ስንቱ ግልገል ያዘለች እናት አለበት፣ በየትኛው ፎቶ ላይ ተጫዋቾቹ አልተስማሙም። ስልክ ለሌለው በቀበሌው ስብሰባ ይነበብለት።